ለጣሪያው የታየ መዳፍ

ውድ ልጄ ዮአብ፣

ብዕሩን የያዘችው ሩመይሳ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የአምሃ ነው። ይኼንን አስቀድሜ የምነግርህ ጽሕፈቷ ቆንጆ ነው ስለሚሉ፣ እኔ የለሰለስኩ እንዳይመስልህ ነው። እናትህን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመችውን ሩመይሳን አትረሳትም። ዛሬም እየመጣች እኔን ታያለች፤ መድኃኒቴን ትሰጠኛለች፣ ትቆጣኛለች። «ጋሼ አምሃ፣ ስለ ቁማር ቤት እኔ አልጽፍም፤ ሐራም ነው» ብላ ስታስለምነኝ አረፈደች። «ተጫወቺ አላልኩሽም፣ ጻፊ ነው ያልኩሽ» አልኳት። ይኸው ተቀምጣለች። ማንበብ ባልችልም አሳጥራ ስትጽፍ ይገባኛል። እኔ ብዙ ተናግሬ እጇ ቶሎ ከቆመ «የቀረውን የት ወሰድሽው?» እላታለሁ።

ስልክህ አይነሳም። መልእክት ተዉ የምትለዋን ፈረንጅ ሴትዮ ድምፅ ከአንተ ድምፅ ይልቅ ለመድኩት። ስለዚህ ደብዳቤ ይሁን አልኩ። ሹፌሩ ሱፍያን ድራይቭ አድርጎ የቁማር ቤቱ ሠራተኞች በሚገቡበት በር ላይ ይሰጥልኛል። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ በአረንጓዴው ጠረጴዛ ማዶ ቆሞ ካርታ የሰጠኝ ሰው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም? ሌላውን ሁሉ የምነግርህ ይኼ ጥያቄ ከየት እንደመጣብኝ እንድታውቅ ነው።

ዲለር፣ የቁማር ቤት ካርታ አዳይ፣ ለመሆን ትምህርት ቤት የገባህ ጊዜ፣ ካርታው እንዲንሸራተትልህ እናትህ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ብርድ ልብስ ታለብስልህ ነበር። በገንዘብ ፈንታ የሚቆጠረው ቺፕስ ሽምብራ ነው። እኔ በዚህ፣ እናትህ የሺሃረግ በዚያ፣ አንተ ፊት ለፊታችን ቆመህ ትበውዛለህ። ሃያ አንድን በአንድ ቀን ለመድኩት። ለሃያ አንድ የቀረበ ይበላል፣ ያለፈ ይቃጠላል፣ አለቀ። እናትህ መቆም አታውቅም። ሃያ ይዛ እንኳ «ጨምርልኝ» ትላለች። «እማዬ፣ ሃያ እኮ ነው!» ትላታለህ። «የሰጠኸኝን ልቁጠር ወይስ የምትሰጠኝን?» ትልሃለች።

የቁማር ቤቱን አሠራርም ያኔ ነው የነገርከን። ሰዓት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም አልከን። መስኮት የለውም። በሩ ከውጭ ይታያል፣ ከውስጥ ግን አይታይም። የሩሌቱ መንኰራኩር ቀይና ጥቁር ነው፣ ከመሐል ግን አረንጓዴ አለበት፤ ያቺ አረንጓዴ የቤቱ ናት፤ ኳሷ እሷ ላይ ካረፈች ቤቱ ይበላል። ብር እየከተቱ ቁልፍ የሚጫኑበት ስሎት ማሽን ምንም አያስታውስም፤ ሰዎቹ ግን «አሁን ሊሰጠኝ ነው» እያሉ እንደሚያውቁት ዘመድ ያባብሉታል። «ታዲያ ይሰርቃሉ በለኛ» ስልህ ራስህን ነቀነቅክ። «አይሰርቁም አባባ። መስረቅ ምን ያደርግላቸዋል? ሰውየው ይቀመጥላቸው እንጂ፣ ቀሪውን ጊዜ ራሱ ያመጣላቸዋል።»

አንተስ ለምን እንደ እኛ አትመርጥም፣ ለምን አንዳንዴ አትቆምም ብዬ የጠየቅኩህንም አልረሳሁትም። «እኔ ምርጫ የለኝም። አሥራ ስድስት ከሆነ የግድ እጨምራለሁ፣ አሥራ ሰባት ከሆነ የግድ እቆማለሁ። የሚጫወተው ደንቡ ነው፣ እኔ እጁ ነኝ» አልከኝ። እናትህ ሽምብራዋን እየቆረጠመች «አንተን ራስህን ታዲያ የት ታስቀምጠዋለህ?» አለችህ። «ልብሴን የምቆልፍበት ሎከር ውስጥ» አልካት። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ያን ሳቅ ዛሬ ባስታውሰው ጀርባዬን ይበርደኛል።

ከዚያ ያቺ እጅህን የምታሳይባት ነገር መጣች። ዲለር ከጠረጴዛው ሲነሳ አንዴ ያጨበጭባል፣ መዳፉን ይገልጣል፣ ያገላብጣል፤ ምንም አልወሰድኩም ማለት ነው። የሚያሳየው ለተጫዋቾቹ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ነው። ከካሜራው ኋላ ያለውን ሰው አይተኸው ታውቃለህ ወይ ስልህ «ማንም አያየውም» አልከኝ። ሥራ ከጀመርክ በኋላ እዚህም ቤት ታደርገው ጀመር። በልተህ ስትነሳ ታጨበጭብና መዳፍህን ለወጥ ቤታችን ጣሪያ ታሳያለህ። እናትህ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች። «ማን አለ እዚያ?» ትላለች። እንዳደረግከው እንኳ አታውቅም ነበር።

እሷን የቀበርን ዕለት አፈሩን በትነህ ስትጨርስ ያንኑ አደረግህ። አንዴ አጨበጨብክ። መዳፍህን ወደ ሰማይ ገለጥክ፣ አገላበጥክ። ሰው ሁሉ አየ። ለቅሶው ቤት ሳንደርስ «ከእናቱ እጁን አራገፈ» የሚል ወሬ ደረሰ። ያን ሰምተህ ነው የወጣኸው፤ ገብቶኛል። የእኔን መልስ ግን አልሰማህም። ቆሜ «ልጄ የሠራተኛ እጅ ነው ያለው። ከሥራችሁ ስትወጡ መዳፋችሁን ለማሳየት የማትደፍሩ ሰዎች ስለሆናችሁ ገረማችሁ» አልኳቸው። እስከ ዛሬ የእኛ ሰው በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቀድመው ሰላም ይሉኛል። አንተ ግን ዕቃህን ሰብስበህ ቁማር ቤቱ ባለበት በረሃ አጠገብ ቤት ተከራየህ፤ ለሥራዬ ቅርብ ይሻለኛል አልክ። መጀመሪያ መምጣት ቀረ። ቀጥሎ መደወል ቀረ። መጨረሻ ላይ ማንሳትም ቀረ።

አሁን የምነግርህን ሩመይሳ አብራኝ ሰምታዋለች፣ ስለዚህ የሽማግሌ ቅዠት ነው እንዳትል። ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ፀሐይ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብታለች። እኔ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ከወጥ ቤት አንድ ጭብጨባ ተሰማ። አንድ ብቻ። ደረቅ። ከዚያ መዳፍ የሚገላበጥበትን ያህል ዝምታ፣ ከዚያም የሚሄድ ሰው እግር። እኔ ሳልናገር ሩመይሳ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ ብላ «ዮአብ መጣ እንዴ?» አለችኝ። ተነሥተን ሄድን። ማንም የለም። የአንተ ወንበር ግን ከጠረጴዛው ፈቀቅ ብሏል።

«ጎረቤት ይሆናል» አለች። ከንፈሯ ግን ቁርኣን ይቀራ ነበር። ይኼንንም ጻፊው፣ አትዝለይው።

በማግስቱም መጣ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነው። ሁልጊዜ በቀን፣ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ። በእናቴ አገር የራቀ ሰው ሳይመጣ ድምፁ ብቻውን ቤት ከገባ፣ ሰውየውን የያዘው ነገር አለ ይላሉ። ምን እንደሚይዘው አይናገሩም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ነበር። ወንበሩን መልሼ እያስጠጋሁ በማግስቱ ፈቀቅ ብሎ ሳገኘው ግን፣ ሱፍያንን ጠራሁት።

ሱፍያንን ታውቀዋለህ። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው፣ ምሳ የምንበላበት ቤት ፊት ለፊት ፓርክ እያደረገ ሁልጊዜ የሚቀጣው። «ጋሼ፣ ሩቅ ነው እኮ» አለኝ። «ሩቅነቱን አልጠየቅኩህም፣ ታደርሰኛለህ ወይ ነው ያልኩህ።» «ኦኬ፣ ኦኬ። ቀበቶ ይሰሩ።» አሥር ቁጥር በሚሉት አውራ ጎዳና፣ በፍሪዌዩ፣ ወደ ምሥራቅ ነዳን። ቤቱ እያነሰ ሄደ፣ ዛፉ አለቀ፣ ከዚያ በረሃው ላይ እነዚያ ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች መጡ። ኮረብታውን ሞልተው ይሽከረከራሉ። አንዳቸውም ዘንድ ሰው አይታይም። የቁማር ቤቱ ከእነሱ ማዶ ብቻውን ቆሟል። ሱፍያን በሩ ላይ ሞተሩን አጠፋ። «እኔ እስከዚህ ነኝ፤ ከዚህ ወዲያ አልገባም። ሲጨርሱ እዚሁ ነኝ» አለኝ።

ገባሁ። ውጭ ቀን ነበር። ውስጡ ቀንም ሌሊትም አይደለም። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ዜማ ያዜማሉ፤ የሚጣላ ድምፅ የለም፣ ሁሉም ተስማምቶ ያንጎራጉራል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው የሞሉት፣ የእኔ እኩዮች። ቤቱ የሰጣቸውን የተጫዋች ካርድ በጠመዝማዛ ገመድ ከደረታቸው ጋር አያይዘው ማሽኑ ውስጥ ሰክተዋል። እትብት ነው የሚመስለው። ማን ከማን እንደሚጠባ ግን መለየት አልቻልኩም። አንዱ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፣ ጣቱ ግን ቁልፉን ይጫናል። ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ይጫናል።

አልፌው ሄድኩ። የሩሌቱን ጠረጴዛ አለፍኩ። ባካራት የሚሉትን የካርታ ጨዋታ የሚጫወቱትን አለፍኩ፤ ካርታውን ከጫፉ ቀስ ብለው እያጠፉ ያጮልቁበታል፣ እፍ ይሉበታል፣ በእስትንፋሳቸው ቁጥሩን ሊቀይሩት። እኔ በወንዝና በተራራ መንገድ የማገኝ ሰው ነኝ፤ እዚያ ግን ወለሉ ቁልቁለት የለውም፣ ምልክቱም ጽሑፍ ነው። ዞሬ ስመጣ ያንኑ ዓይኑን የጨፈነውን ሰውዬ አገኘሁት። በሌላ በኩል ዞርኩ። አሁንም እሱ። ጣቱ አላቆመም። ያን ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ።

ከዚያ አየሁህ።

ማንበብ ስለማልችል ፊት አጠናለሁ። በአየር ማረፊያው መኪና ማቆሚያ ስሠራ ሰውን በወረቀት ሳይሆን በመልኩ ነበር የምለየው። የአንተን ፊት ደግሞ ከተወለድክበት ሰዓት ጀምሮ ይዤዋለሁ። አንተ ነበርክ። ጥቁር ሰደርያ ለብሰሃል። ሄጄ ፊት ለፊትህ ተቀመጥኩ፣ እጄን ለሰላምታ ዘረጋሁ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምናልባት መጀመሪያ ገንዘብ ነው የሚፈልጉት ብዬ ብር አወጣሁና ዘረጋሁልህ። እሱንም አልተቀበልከኝም። ጠረጴዛውን በጣትህ መታ መታ አደረግክና በእንግሊዝኛ «እዚህ ላይ፣ ሰር» አልክ። ሰር አልከኝ። ብሩን ሳስቀምጠው አነሣኸው፣ ዘረጋኸው፣ ለጣሪያው አሳየኸው፣ ቺፕስ ገፋህልኝ። ጣትህ ጣቴን አልነካውም።

«ዮአብ፣ እኔ ነኝ» አልኩህ። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ከኋላህ መጥቶ «ኢንግሊሽ ኦንሊ» አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ማለቱ ነው። አንተ ካርታ ሰጠኸኝ።

ተጫወትኩ። ምን ላድርግ፣ ካልተጫወትኩ ያስነሱኛል። ዓይንህ ከካርታው ወደ ቺፕሱ ይሄዳል፣ ከቺፕሱ ወደ ሰው እጅ፣ ከዚያ ይመለሳል። ከክንድ በላይ አይወጣም። ሰው ለአንተ ክንዱ ላይ ያልቃል። ፊትህ አልተቆጣም፣ አላዘነም፣ አልደነገጠም። መብራት በርቶበት ሰው የሌለበት ቤት ነበር። አጠገቤ አንዲት የእስያ ሴትዮ ተቀምጣለች፣ ከእኔ በፊት ጀምሮ የነበረች ናት፤ አንተን እንደ ማሽን እያየች ትጫወታለች። እኔ እየበላሁም እየተበላሁም በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፦ ይኼ ልጄን የለበሰ ሌላ ነገር ነው።

አንዲት ሴት ዲለር መጣችና ትከሻህን ነካችህ። ካርታውን ተውክ። አጨበጨብክ።

ልጄ፣ ያው ጭብጨባ ነው። የወጥ ቤቱ። ደረቅነቱ፣ መጠኑ፣ ከኋላው ያለው ዝምታ። መዳፍህን ገለጥክ፣ አገላበጥክ፣ ሄድክ። እርምጃህም ያው ነው። ሴትዮዋ በቦታህ ቆመች፣ ካርታው ቀጠለ፣ ከተቀመጡት አንድም ሰው ቀና አላለም። ወደ ጎረቤቴ ዞሬ በዚያችው በእጄ ባለች እንግሊዝኛ «ልጁ የት ሄደ?» አልኳት። «የቱ ልጅ?» አለችኝ። «እዚህ የነበረው፣ ካርታ የሚሰጠው።» ሴትዮዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። «እሷ እኮ ናት የምትሰጠን» አለች። አልቀለደችም። ከእኔ በፊት ጀምራ ፊትህ ተቀምጣ፣ ሰው እንደነበረ አታውቅም።

ያኔ ነው የተነሣሁት። አንገቴን አቅንቼ ጣሪያውን አየሁት። ካሜራው ጥቁር ብርጭቆ ነው፣ እንደ ዝሆን ዓይን። ሁለት እጄን ወደ እሱ ዘርግቼ በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፄ፣ «አሁን የሄደው ዮአብ ይባላል። ልጄ ነው። የየሺሃረግ ልጅ ነው። ሰው ነው» አልኩ። ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ለአንድ አፍታ ቆሙ። ማሽኖቹ ግን አልቆሙም። ሁለት ግዙፍ ጥበቃዎች መጥተው ክንዴን ያዙ። በጨዋ ደንብ ነው የያዙኝ፣ አልዋሽም። ወደ በሩም የመሩኝ እነሱ ናቸው፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ በሩን አላገኘውም ነበር።

መኪናው ውስጥ ለሱፍያን ሁሉንም ነገርኩት። ሱፍያን ወደዚህ ከተማ ከመምጣቱ በፊት ለቁማር ቤቶች ሹትል፣ ተጫዋች የሚያመላልስ አውቶቡስ፣ ይነዳ ነበርና ደንባቸውን ያውቃል። «ጋሼ፣ ዲለር ለቤተሰቡ ካርታ መስጠት አይፈቀድለትም» አለኝ። «አባቱ ከተቀመጠ ወዲያው ለአለቃው መናገር አለበት። ከተናገረ እርስዎን ያስነሡዎታል። ሳይናገር ቀርቶ ካወቁበት ግን እሱን ነው የሚያባርሩት።»

«አልተናገረም እኮ» አልኩት።

«ሶ፣ እንዲቀመጡለት ፈልጎ ነዋ።»

እነዚያ መዘውሮች በመስኮቱ አለፉ። እኔ የማስበው ይኼን ነው፦ ያ ዝምታ የማን ነበር? ሎከር ውስጥ ያለው ልጄ አባቴ ትንሽ ይቀመጥልኝ ብሎ ሥራውን አደጋ ላይ ጥሎ ዝም ያለው ነው? ወይስ ደንቡ ነው ዝም ያለው፣ አንተ እጁ ሆነህ? ዝምታው የአንተ ከሆነ፣ ልጅ አለኝ። የደንቡ ከሆነ፣ የሺሃረግን ብቻዋን አልቀበርኳትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥ ቤቱ ዝም ብሏል። ጭብጨባው መጥቶ አያውቅም። ወንበሩም እንደተውኩት ነው። ሩመይሳ «አልሐምዱሊላህ» ብላለች። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ድምፁ የቀረው በቃሁ ብለህ ይሁን፣ በጩኸቴ ምክንያት አባረውህ ይሁን፣ ወይም የያዘህ ነገር ጨርሶህ ይሁን አላውቅም። ሱፍያን ሁለተኛ እንዲወስደኝ ብጠይቀው በሩ ላይ ፎቶዬን ለጥፈውት ይሆናል አለኝ። ለጥፈውት ከሆነ አንገቴን አቅንቼ የተነሣሁት ነው፣ አላፍርበትም።

ስለ ጮህኩትም ይቅርታ አልጠይቅህም። በዚያ ቤት ስምህን የጠራ ሰው አልነበረም፤ እኔ ጠራሁት። ነገር ግን ስማኝ። አለቆችህ ጠርተው «ያ ሽማግሌ ማነው?» ብለው ከጠየቁህ፣ አላውቀውም በላቸው። ያበደ ሰው ነው በላቸው። አማርኛ የሚተረጉም ካመጡና ልጄ ነው ብሏል ካሉህ፣ ሽማግሌ ሁሉን ልጄ ይላል በላቸው። ፈቅጄልሃለሁ፤ አባት ሲፈቅድ ክህደት አይባልም። እንጀራህን እኔ አልቆርጥብህም። አባረውህ ከሆነ ደግሞ ክፍልህ እንዳለ ነው፤ ሩመይሳ አንሶላውን ትናንት ቀይራዋለች፣ ሳላዛት።

እዚያ ካድከኝ ግድ የለኝም። ከዚያ ቤት ስትወጣ ግን፣ ሰደርያውን አውልቀህ፣ መኪናህ ውስጥ ገብተህ፣ መስኮቱን ዝጋና ደውልልኝ። «አባባ» በለኝ። ሌላ ቃል አልፈልግም፣ ማብራሪያ አልፈልግም፣ ይቅርታህንም አልፈልግም። በአንድ ቃል ድምፅህን እለየዋለሁ። ያን ከሰማሁ እኔም «አቤት ልጄ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ፤ በዚያ ቀን ሌላ ነገር አንነጋገርም።

አባትህ አምሃ ነኝ። ፊርማ ስለሌለኝ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ፤ እሷን የሚያስመስል የለም።

በቃ፣ ሩመይሳ፣ አሁን መልሰሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ስሙ ያለበት ቦታ ስትደርሺም አትቸኩይ።